የቨርሊን ጠረጴዛ

ቨርሊን ሲሞት ለሚስቱ ለአርሊስ የተናዘዘላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጠረጴዛዬን ብርድ እንዳታስመቺብኝ።»

ስለዚህ የኖርዝ ዳኮታ በረዶ በገባ ቁጥር፣ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ የቆመውን የፑል ጠረጴዛ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ትሸፍነዋለች። ኳሶቹን ደግሞ እንዳይሰነጠቁ ወጥ ቤት ታሳድራቸዋለች።

ዛሬ ጎረቤቷ ዶሪን ልታግዛት መጣችና ብርድ ልብሱን አብረው ገለጡት።

«ሽጪውና ተገላገይ» አለች ዶሪን እንደ ልማዷ። «እኔ እንደሆንኩ ስቴካ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅ።»

አርሊስ ጠረጴዛው ተጣሞ እንደሆነ ለማየት ከወጥ ቤት ያመጣችውን ነጭ ኳስ ቀስ አድርጋ ገፋችው። ኳሱ ተንከባሎ ተንከባሎ፣ የአምፖሉ ብርሃን የማይደርስበት ጫፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና እየበረረ ተመለሰ።

«ተራሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለ ቨርሊን ከጨለማው ውስጥ።

አርሊስ እንባዋ መጣ። በትዳራቸው ዘመን አንድም ቀን እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ከግድግዳው ላይ ስቴካ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ፣ ዶሪን ቀድማት አውርዳ ጫፉን ጠመኔ እየቀባች ነበር።

«አትቀየሚኝ» አለቻት። «‹አርሊስ ብርድ አትወድም፣ እዚህ አትመጣም› ብሎ እኮ ነው ከእኔ ጋር ይጫወት የነበረው።»