ሦስት ጊዜ ብልጭ

«እጅህን ሰብስብ!» ብዬ የኦሬስትን እጅ ከማብሪያ ማጥፊያው ላይ በጥፊ አነሳዋለሁ። የአርባ አራት ዓመት ሰው ነው። ቢሆንስ? ልጄ ነው።

«እማዬ፣ አጥፍቶ ማብራት ነው እኮ። አንዳንዴ ይነሳል።»

«ሦስቴ አጠፋህ፣ ሦስቴ አበራህ። ተነሳልህ?»

ምድር ቤት፣ የጋዝ ማሞቂያው ፊት ቆመናል። ከሩብ ሰዓት በፊት ላይ ቤት ስንጨቃጨቅ ነው ማሞቂያው ድንገት ጸጥ ያለው። ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነው። ኦሬስት ከካኖራ ከተማ ድረስ በዚህ ብርድ መኪና የነዳው የአረጋውያን ማደሪያውን ወረቀት ሊያስፈርመኝ ነው። አልፈርምም ስለው፣ ይሄ ከሃዲ ማሞቂያ ቀኑን ጠብቆ ጠፋ።

«ይኸው! ብቻሽን ሆነሽ እንዲህ ቢሆንስ?» አለኝ ያኔ። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። ይሄን ካላስነሳሁ ቤቴን መልቀቄ ነው።

«ቁጠር» እለዋለሁ።

«ምን ልቁጠር?»

«መብራቷን ነዋ!»

ከማሞቂያው ሆድ ውስጥ ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ትልና ታርፋለች። እንደገና ሦስት። መነጽሬን አድርጌ ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቴ እከተላለሁ። ሦስት ማለት አየር ታፍኗል ማለት ነው።

«ማጣሪያው ነዋ፣ ቆሽሾ» ይላል ኦሬስት፣ አዋቂ ለመምሰል።

ማጣሪያውን ስቤ አሳየዋለሁ። ንጹሕ ነው፤ የቀየርኩበትን ቀን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጽፌበታለሁ፣ ሦስት ሳምንቱ ነው። የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳየው ቀስት ወደ ማሞቂያው እንዲያይ አድርጌ እመልሰዋለሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ካፖርትህን ልበስ፣ የቀረው የውጪው ቱቦ ነው። አካፋም ያዝ።»

እኔ ከወጥ ቤት የእንጨት ጭልፋዬን ይዤ እከተለዋለሁ።

በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ስንዞር ቱቦው የለም። ግድግዳው ራሱ የለም ማለት ይቀላል። በረዶው እስከ መስኮቱ ተከምሯል። ነፋስ ያመጣው አይደለም፤ በአካፋ ተደልድሎ፣ ተጠፍጥፎ፣ ሥራዬ ብሎ የከመረው ሰው አለ።

«ወይ ጉድ! የማነው ሥራ ይሄ?»

ኦሬስትን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ ነጥቷል።

«እኔ ነኝ» ይላል። «እሁድ ዕለት መጥቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ። አባዬ ያደርገው እንደነበረው። እንዳይበርድሽ ብዬ።»

ባለቤቴ ፔትሮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቤቱን በበረዶ ያለብሰው ነበር፤ ነፋስ አያስገባም። ያኔ ግን የምናነደው ከሰል ነበር፣ ጭሱም በጣራ ነበር የሚወጣው። አዲሱ ማሞቂያ በግድግዳ፣ ከጉልበት ከፍታ ነው የሚተነፍሰው። ይህን ለኦሬስት የነገረው የለም። እኔም አልነገርኩትም።

መሳቅ አማረኝ። ይገባዋል፣ ማን ብቻውን መኖር እንደማይችል አየን! ግን አንጀቴ አልቻለም።

«ገድዬሽ ነበር» ይላል።

«መተንፈሻ ሲያጣ ራሱን ያጠፋል፣ እንዳንተ ግትር አይደለም። የመርዝ ጋዝ ማንቂያውም ግድግዳዬ ላይ አለ፣ እየሠራ ነው። አልሞትኩም። ቆፍር!»

ይቆፍራል። ዓይኑን በጓንቱ ሲጠርግ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። የቱቦው ቦታ ሲደርስ አካፋውን አስቆመዋለሁ፤ ፕላስቲክ በዚህ ብርድ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። ተንበርክኬ በጭልፋዬ እፍቃለሁ። እሱም አጠገቤ ተንበርክኮ በእጁ ይጠርጋል። ሁለት ነጭ አፎች ብቅ ይላሉ፣ አንዱ አየር ማስገቢያ፣ አንዱ ጭስ ማውጫ፣ ሁለቱም ቀስ በቀስ በጠጠረ በረዶ ተጠቅጥቀዋል። ውስጣቸውን አጽድተን፣ ዙሪያውን ክንድ ሙሉ እናሰፋለን።

ምድር ቤት ተመልሰን ማብሪያውን ራሱ እንዲጫነው እፈቅድለታለሁ። አንዴ ብቻ። ትንሿ ማራገቢያ ትዞራለች፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከዚያ በመስታወቷ በኩል ነበልባሉ በሰልፍ ይቆማል።

«ቀለሙን እየው። ሰማያዊ ነው። ቢጫ ቢሆን አጥፍቼ ባለሙያ ነበር የምጠራው። ገባህ?»

ሙቅ አየር እግራችን ስር ይነፍሳል። እፎይ! ኦሬስት ግን አልተደሰተም። ቆሞ ያስባል።

«እማዬ… የእኛ ቤት ቱቦ የት ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? ከወጥ ቤታችሁ መስኮት ስር ነዋ። በፋሲካ በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።»

«እዚያም ከምሬያለሁ። ትላንት።»

ስልኩን አውጥቶ ቤቱ ይደውላል። ሚስቱ ጃኔል ገና ሳይጠይቃት ትጮሃለች፣ ለእኔም ይሰማል፤ ቤቱ ከቀዘቀዘ ሰዓት አልፎታል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ስትጫን ጣቷ ዛለ።

«ማንቂያው ጮኋል ወይ በላት!» እለዋለሁ።

አልጮኸም። ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። ኦሬስት ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ይተነፍሳል።

«በቃ፣ አትንኪው» ይላታል። «ምንም እንዳትነኪ። እማዬ እየመጣች ነው።»