ለየሺዋስ አትሆንም

አማረ ዜማን ከአዲስ አበባ ጮቄ ተራራ ድረስ ያመጣት ሐይቅ ሊያሳያት ነው። የነገራት እንዲህ ብሎ ነው። ቀለበቱ ግን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ተንበርክኮ ሊጠይቃት ቆርጧል። እምቢ ብትለው ምን እንደሚውጠው አያውቅም።

ቁይ ከተማ ላይ የተቀበሏቸው የአያቱ ታናሽ ወንድም፣ አያ ምስጋናው ናቸው። አማረ አፍሮ «የሥራ ባልደረባዬ ናት» አላቸው። እሳቸውም «መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ» ብለው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ። ለሁለት የታሰበው ጉዞ የሦስት ሆነ።

ሽማግሌው ዳገቱን እንደ ፍየል ይወጣሉ፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ልጃቸው ስለ የሺዋስ ነው። የሺዋስ ጥማድ በሬ አለው። የየሺዋስ ቀፎ ማር ሞልቷል። የሺዋስ ሚስት የለውም።

ይህን ሲሉ ዞር ብለው ዜማን አዩዋት። አማረ መሀላቸው ገባ።

ረጃጅሙ የጅብራ ተክል መሀል አረፍ ሲሉ አያ ምስጋናው ቆሎ ዘገኑላትና «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» አሏት።

«የአበባው። አባቴ እስከ ሰባት ቤት ሳልቆጥር እራት አይሰጠኝም ነበር» ብላ ሣቀችና ታወርደው ጀመር፦ «አበባው፣ አንሙት፣ ዓለምነው፣ የዲማው ወልደ ሩፋኤል...»

አማረ ደሙ ፈላ። በዚህ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ሰውዬው ዓይኑ እያየ ለልጃቸው ሊያጩበት ነው!

አያ ምስጋናው ግን አራተኛው ስም ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። አማረን ጠጋ ብለው «አይ፣ ለየሺዋስ እንኳ አትሆንም» አሉት በሹክሹክታ። ወዲያው ፊታቸው በራ። «የቀረውን፣ ቤት ስንደርስ እናገራለሁ። በግ አርዳለሁ!»

አማረ ለምን ብሎ አልጠየቀም። አንበጣ ያለፈለት ገበሬ እንኳ እንዲህ አይደሰትም። የቀረውን ዳገት እየዘለለ ወጣው።

ሐይቁ ከገደሉ ሥር ቁልጭ ብሎ ተኝቷል። ዜማ በደስታ ጮኸች፤ ገደሉ ጩኸቷን መለሰላት። አማረ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እሷም ሣቀች፣ አለቀሰች፣ ጣቷን ዘረጋችለት።

«አያ፣ ይመርቁን እንጂ!» አለ አማረ፣ ዓለም ሁሉ የእሱ ሆኖ።

አያ ምስጋናው ራሳቸውን ያዙ።

«ኧረ ተው ልጄ! የዲማው ወልደ ሩፋኤል እኮ የአባቴ አባት ናቸው!»