የባሏ ሳል

የበርበሬው ዛላ መጥበሻው ላይ መጥቆር ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ ጠቀለለች። በርበሬው ብዙ የማያቃጥል፣ ጨዋ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሳት ላይ ሲወጣ ግን ጨዋነቱን ይረሳል። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት አስነጠሰ። ፊት ለፊት ያለችው እየተራገመች መስኮቷን ዘጋች። ድመቷ እንኳ እያስነጠሰች ወጣች።

ባሏ ጠረጴዛው ጋ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ዓይኑ እንባ አላቀረረም።

የሚሠራበት የድንጋይ ካባ ተንዶ ከቀበረው፣ ሬሳው እንኳ ሳይገኝ ተለቅሶለት ካበቃ በኋላ፣ ትናንት በር አንኳኩቶ ገባ። ተርፎ የመጣን ሰው ማን ይመረምራል? ደስታ አቅሏን አሳታት። ሌሊት ጀርባውን ስትነካው ግን ቀዝቅዞ አገኘችው። ድካም ነው ብላ ራሷን ሸነገለች።

ድሮ እሷ ገና መጥበሻውን ስታነሳ «ልትፈጂኝ ነው» እያለ፣ እየሳለ ደረጃውን የሚወርደው እሱ ነበር። ዛሬም የሚወደውን ልሥራለት ብላ እንጂ ልፈትነው ብላ አልተነሳችም። አሁን ግን ፈራች። ሌላ ዛላ ጨመረች፤ መስኮቱንም ዘጋች። ሳል፣ እባክህ ሳል አለች በሆዷ። እሷ በእንባ ታጠበች፤ እሱ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል።

«ልጄ» አሉ አማቷ ከመኝታ ቤት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የልጃቸው ሐዘን ደግሞ አልጋ ላይ ጥሏቸዋል። ትናንት ፊቱን ዳብሰው ሲያበቁ እንደገና ከግንባሩ ጀመሩ። «ሳሉን አልሰማሁም እኮ። እውነት እሱ ነው?»

ሁለተኛ ሐዘን የሚችል አንጀት እንዳልቀራቸው ታውቃለች። ፊቷን አዙራ፣ ጡጫዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ ባሏ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጋ ሳለች። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ቀጠነባት።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ በደስታ ሲያለቅሱ ተሰማ።

ዞር ስትል ባሏ አፍ አፏን ያያል። ከመጣ ወዲህ እንዲህ ትኩር ብሎ አይቷት አያውቅም። ቀስ ብሎ ጡጫውን ወደ አፉ ወሰደና ሳለ፤ ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም፣ መጨረሻው ላይ እንደ እሷው ቀጠን አድርጎ።

«እንዲህ ነበር የምስለው?» አላት፣ እናቱ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ።

መጥበሻውን ከእሳቱ አወረደች።

«መጨረሻው ላይ ወፈር አድርገው» አለችው።