ጠባሳው ያለበት ፎቶ

«ይሄ ልጄ አይደለም!» አለች እናትየው፣ ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ ቀስራ። «ጠባሳው የታለ?»

ሴት ልጇ፣ የፎቶ ቤቱ ኤዲተር፣ ማውዙን ለቀቀችው። የወንድሟ ፊት ስክሪኑ ላይ ይስቃል፤ ጉንጩ የተላጠ እንቁላል መስሏል። ነገ መቃብሩ ላይ የሚቆመው ፎቶ ይሄ ነው። ያ ጉደኛ፣ ካሜራ ባየ ቁጥር ጠባሳ ያለበትን ግራ ጉንጩን ይደብቅ ስለነበር፣ ፊት ለፊት የተነሳው ይሄን ብቻ ነው።

«ቆይ እማዬ፣ አትደንግጪ፣ ኦሪጅናሉ ይኖራል። እኔ እኮ ሁሉንም ነው የማስቀምጠው።»

ፎልደሩን ከፈተች። «የመጨረሻ» የሚለውን ነካችው፤ ጠባሳ የለም። «የመጨረሻ የመጨረሻ»፤ የለም። «አሁንስ በቃ የመጨረሻ»፤ እሱም እንደዚያው። ስሞቹን ያወጣው ራሱ ነበር፤ ከኋላዋ ቆሞ «እህትዬ፣ እዚህም ጋ ትንሽ፣ ሙሽራ አስመስይኝ» እያለ ሲነዘንዛት፣ ሁለቱም በሳቅ ሲንፈራፈሩ።

የቀረው የመጀመሪያው ፋይል ነው። እሱንም ከፈተችው። ጉንጩ ጥርት ብሏል።

ወይኔ! አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር «መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ ኦሪጅናሉን እንዳትነኩ» እያለች ጆሮ የምታደነቁር ሴት፣ የገዛ ወንድሟን ፎቶ እየሳቀች እላዩ ላይ ሴቭ አድርጋዋለች። የተነሳበት ስልክ ደግሞ እሱ በሞተበት የመኪና አደጋ አብሮት ደቋል።

«እማዬ... የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ምነው እጄን በቆረጠው!»

እናትየው ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አወረደች። ብትጮህባት ይሻላት ነበር።

«እሠራዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ» ብላ ልጅቷ ጉንጩ ላይ መስመር አሰመረች። አደበዘዘችው፣ መልሳ አጠቆረችው።

«እንደዚህ ነበር?»

«አይደለም።»

«እንደዚህስ?»

«ይሄ የማንም ጠባሳ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ከወንድሟ ጋር አንድ ቤት አድገው፣ ጠባሳውን ስታጠፋው እንኳ አጉልታ እያየችው፣ አሁን ዓይኗ ላይ አልመጣ አላት።

«እሺ አንቺ ንገሪኛ፣ እንዴት ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ለእኔም በዓይኔ አይመጣልኝም» አለች እናትየው ድምጿ ሰልሎ። «እኔ የማውቀው ፊቱን ሳጥበው ነው።»

ይህን ብላ የሴት ልጇን ፊት በሁለት እጇ ወደ ራሷ አዞረችና ዓይኖቿን ጨፈነች። አውራ ጣቷ በልጅቷ ግራ ጉንጭ ላይ ትንሽ ወደ ጆሮዋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ግራ ተጋባ። ከዚያ ድንገት ከዓይኗ ሥር ተነሳና ጠመም ብሎ እየወረደ ከንፈሯ ጥግ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ትጀምራለች» አለች። «እዚች ጋ ሰፋ ትላለች። ሳሙናው እዚች ጋ ሲደርስ ይኮረኩረውና ይስቅብኝ ነበር፣ የኔ ጌታ።»

ጣቷ ወደ ላይ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ፤ ልክ የልጅ ፊት እንደሚያጥብ ሰው።

ማውዙ በልጅቷ እጅ ሥር ነው፤ አልያዘችውም። እንባዋ በእናቷ ጣት ላይ ሲወርድም አልጠረገችው። ትንሽ ከተነቃነቀች የእናቷ ጣት ይቆማል።