የጥላሸት ደንብ

ሎሬታ የልጇን የሙሽራ ቀሚስ አጥባ ገመድ ላይ ሰቅላ ዞር ከማለቷ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ክላይድ አንድ ጣሳ ይዞ ከተፍ አለ። በአሜሪካ አፓላቺያን ተራሮች መሃል ያለችው ከተማቸው የድንጋይ ከሰሉ ካለቀ ወዲህ የምትኖረው ታሪኳን ለጎብኚ እያሳየች ነው። የአሮጌው ሰፈር ነዋሪ ቤቱን እንዳይነጠቅ እንደ ከሰሉ ዘመን መኖር አለበት፤ ደጅ የተሰጣ ልብስም ጥላሸት ሊኖረው ይገባል።

«ወይዘሮ ሎሬታ፣ ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«የዳርላ ቀሚስ ነው። ሰርጓ ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ዛሬን ብቻ እለፈን፣ ክላይድ።»

«እርስዎን ካለፍኩ ነገ ጎረቤትዎ ነጭ አንሶላ ይሰቅላል።»

ጣሳውን ከፍቶ ቀሚሱ ላይ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ጥላሸት ነሰነሰበት። የሎሬታ አያት ይህን ጥላሸት እንደረገመች ነው የሞተችው። የያኔው ግን በነጻ ነበር የሚወርደው፤ የዛሬው ከውጭ አገር በመርከብ ይመጣል።

ዳርላ ከመስኮት ጮኸች፤ «እማዬ፣ ጥላሸት ለብሼ ልዳር ነው?»

«ባጥበው ያስቀጣኛል?» አለች ሎሬታ።

«ኧረ በፍጹም! ብቻ እዚሁ ደጅ ላይ ይጠቡት፤ ጎብኚዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው።»

ሎሬታ ባልዲዋን አወጣች። በፈተገችው ቁጥር ጥቁሩ እየሰፋ ሄደ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎብኚ እንባዋን እየጠረገች ሴት ልጇን ወደፊት ገፋ አደረገቻት። «ጠጋ በይ፣ በደንብ ይታይሽ።»