ሳትዋሹ ንገሩን

በራስ የመተማመን ሥልጠናው ላይ አሰልጣኙ ለሠልጣኞቹ የቤት ሥራ ሰጥቷቸው ነበር። ቤት ውስጥ የሚያንቋሽሻችሁን ሰው ዓይኑን እያያችሁ «ስድብህ ያመኛል፤ ይብቃህ» በሉት፤ ነገ የሆነውን ሳትዋሹ ንገሩን አላቸው።

በማግሥቱ ሠልጣኞቹ እየተነሡ አወሩ። አንዷ አማቷን ዝም እንዳሰኘቻት ተናገረች፤ ሌላው ታላቅ ወንድሙን። ለሁሉም ተጨበጨበ። ተራው ትርንጎ ላይ ሲደርስ ተነሣች። እንደነሱ «ነገርኩት» ብላ መቀመጥ ትችል ነበር።

«እኔ አልነገርኩትም» አለች። «አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ፈራሁ።»

አሰልጣኙ ፈገግ ብሎ ቀረባት።

«እውነቱን ስለተናገሩ አመሰግናለሁ፣ እህቴ። ግን እርስዎ ራስዎን ካላከበሩ ማን ያከብርዎታል? ዛሬ ሳይፈሩ ይንገሩት።»

ጭብጨባው ለእሱ ሆነ።

ሥልጠናው ሲያበቃ ትርንጎ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቃ ከግቢው ራቅ ብሎ ወደቆመ መኪና ሄደች። በሩን ከፍታ ገባች። መሪውን የያዘው አሰልጣኙ ነበር። መስኮቱን ዘግቶ ዞረባት።

«ባልሽ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮስ፣ አንቺ ደደብ?» አላት። «ቆይ ብቻ፣ ቤት እንግባ።»