የአቶ ሽመክት ክንድ

አቶ ሽመክት ቀኝ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልነሳ ካለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ማሕደር ክረምቱን ሙሉ ለፋችባቸው። ከትከሻቸው ቆዳ ሥር፣ ጡንቻውን ሸፍኖ የተኮማተረውን ስስ ሽፋን በአውራ ጣቶቿ ይዛ፣ እስኪላላ ድረስ ሳትቸኩል ትገፋው ነበር። በመጨረሻው ቀን ክንዳቸው ከራሳቸው በላይ ወጣ። ሰውየው አለቀሱ፤ የእሷም ዕንባ መጣ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው መርቀዋት ሄዱ። ማሕደር ሥራዋን እንደዚያ ሰሞን ወዳው አታውቅም።

ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት አንገቷ አልዞር ብሏት ወደ ክሊኒኩ መጣች። ማሕደር አስተኝታ ትከሻዋን ስትዳስሰው እንደ እንጨት ደርቋል። ሻሿን ገለጥ ስታደርገው ደግሞ ከጆሮዋ ሥር እስከ መንጋጋዋ በልዟል።

«ምን አግኝቶሽ ነው፣ እህቴ?» አለቻት ቀስ ብላ።

ሴትየዋ ፊቷን አልጋው ላይ ደፋች።

«ሁለት ዓመት ተመስገን ብዬ፣ ሰላም አግኝቼ ነበር የኖርኩት» አለች። «የባለቤቴ ቀኝ እጅ አይነሳም ነበር። እዚሁ እናንተ ጋ እየተመላለሰ ዳነ።»